ፊደሉ፣ ምልክቱና ማሳው፦ የዘር ልዩነት ከየት ይመጣል? ለኅብረት ሥራ ማኅበራትስ ምን ይጠቅማል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣ የልማት ሠራተኞች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



"ዘር ከልጓም ይስባል" ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ዘር የሚስበው እስከ የት ድረስ ነው? ከምን ላይስ ያቆማል? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየዓመቱ ከግንቦት በፊት ጎተራ ከፍቶ የሚዘራውን ዘር የሚለይ ገበሬ ሁሉ፣ ለአባላቱ ዘር የሚገዛ ማኅበር ሁሉ፣ ዐወቀውም አላወቀው ይህን ጥያቄ ሲመልስ ይኖራል። መልሱን ሲስት ደግሞ ኪሳራው በመኸር ይታያል።

የአንድ ማሽላ አምራች ጉዳይ ይታይ። በመከር ጊዜ ከበረቱ ጥግ የቆመውን፣ ራሱ እንደ ቅል የተንዠረገገውን ማሽላ ቆርጦ ለዘር ጣሪያ ሥር ይሰቅላል። በዓመቱ ያንን ዘር በሰፊው ማሳ ላይ ይዘራል። የሚያገኘው ግን እንደ ጎረቤቱ ያለ ተራ ማሽላ ነው። ዘሩ አልከዳውም። ያ ማሽላ የገዘፈው በዘሩ ሳይሆን በበረቱ ፍግ ነበር። ፍግ ደግሞ በዘር አይተላለፍም።

በዚያው ማሳ መሐል፣ በስስ አፈር ላይ፣ ከጎኑ ያሉት ሁሉ በድርቅ ሲጠወልጉ ራሱን ችሎ ፍሬ የያዘ ሌላ ማሽላ ነበር። ራሱ ትንሽ ስለሆነ ማንም አላየውም። ለዘር መያዝ የነበረበት ግን ምናልባት እርሱ ነው።

እንግዲህ በአንድ ማሳ ውስጥ በሚታይ ልዩነት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንዱ በዘሩ ውስጥ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው በተጻፈው ላይ የተደረገ ምልክት ነው። ሦስተኛው አፈሩ፣ ዝናቡና እንክብካቤው፣ ማለትም ማሳው ነው። የዛሬው ንግግር ዓላማ ሦስቱን ለይቶ ማሳየትና ለዩኒየኑ ሥራ የሚኖራቸውን ትርጉም ማመልከት ነው።

1. ፊደሉና ምልክቱ

ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር፣ ሰውም ይሁን ጤፍ፣ በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅም ጽሑፍ ይዟል። ይህ ጽሑፍ አራት ፊደላት ብቻ አሉት። የፊደላቱ ቅደም ተከተል ግን አንዱን ገብስ ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር፣ አንዱን ፈጥኖ የሚደርስ፣ ሌላውን የሚዘገይ ያደርገዋል። ከጽሑፉ ውስጥ አንድ የተወሰነ ሥራ ያለው ክፍል ጂን ይባላል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዋናነት ይህ ጽሑፍ ነው። በፊደላቱ ላይ የሚታየው ልዩነት የዘረመል ልዩነት ይባላል።

ነገር ግን ጽሑፉ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መነበብ አለበት። የስንዴ ሥርና የስንዴ ዛላ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አላቸው፤ የሚነበበው ክፍል ግን ይለያያል። ይህን ለመረዳት የድጓን መጽሐፍ ማሰብ ይጠቅማል። ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ቅናት እየተባሉ የሚጠሩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ምልክቱ ፊደሉን አይለውጠውም፤ እንዴት እንደሚዜም ግን ይነግራል። በዲ.ኤን.ኤ. ላይም እንዲሁ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል በፊደሉ ላይ ይለጠፋል። ብዙውን ጊዜ ሜቲል በበዛበት ስፍራ ያለው ጂን ሳይነበብ ዝም ይላል። ከዚህ ሌላም የማንበቢያ ምልክቶች አሉ። ስለ እነዚህ ምልክቶች የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ የሚከተለው ነው። የፊደል ለውጥ ዘገምተኛና ጽኑ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሄዳል። የምልክት ለውጥ ግን በብርድ፣ በድርቅ፣ በረሃብ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አዲስ ዘር ሲፈጠር ይጠፋል።

2. ብርድን የሚያስታውስ ስንዴ፣ በእስር የሞተ ሊቅ

ለዚህ ማስረጃው በቀዝቃዛ አገሮች የሚዘራው የክረምት ስንዴ ነው። ይህ ስንዴ ለሳምንታት ብርድ ካልቀመሰ በጊዜው አያብብም። ብርዱ ሲደርስበት አበባን የሚያስጀምረው ጂን ላይ ያለው ምልክት ይለወጣል፤ ብርዱ ካለፈ በኋላም ተክሉ ያንን "አስታውሶ" በሙቀቱ ወራት ያብባል። ከዚያ ተክል የተሰበሰበው ዘር ግን ምንም አያስታውስም። እንደገና ብርድ መቅመስ አለበት። በአገራችን የሚዘራው ስንዴ በአብዛኛው ይህን ብርድ የማይሻው ዓይነት ነው።

ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር በአንድ ወቅት በሶቪየት ኅብረት የብዙ ሰው ዕጣ ወስናለች። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ ዘርን በማርጠብና በማቀዝቀዝ የሰብልን ባሕርይ ለዘለቄታው መለወጥ ይቻላል ብሎ ተነሣ። ብርዱ በተክሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እውነት ነበር። ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ማለቱ ግን ስሕተት ነበር። ሆኖም ፈጣን ምርት ለሚሹ ባለሥልጣናት ተስፋው ጣፈጣቸው።

ከእርሱ ጋር ያልተስማማው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። ቫቪሎቭ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎችን ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ዝርያ መገኛ ማዕከላት አንዷ ናት ብሎ መድቧታል። ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1940 ታሰረ፤ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የዘረመል ሳይንስ በዚያ አገር በይፋ ተወገዘ።

ሌኒንግራድ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ ቫቪሎቭ ያቋቋመው የዘር ስብስብ በከተማዋ ውስጥ ነበር። የተቋሙ ሠራተኞች የእህል ከረጢት እየጠበቁ ጥቂት የማይባሉት በረሃብ ሞቱ። ዘሩን ግን አልበሉትም። በድርቅ ዓመት የዘር ቁና ቤት ውስጥ እያለ ልጆቹን በምን እንደሚያበላ የተጨነቀ ሰው የእነዚያ ሰዎች ምርጫ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያውቀዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘርን አንድ ጊዜ በመንከር፣ በማሞቅ ወይም በአንድ ዓይነት መድኃኒት በማሸት ዝርያው ለዘለዓለም ይሻሻላል የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ የዩኒየኑ የግብዓት ክፍል በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "የሁለተኛው ዓመት ዘር በተራ ማሳ ላይ እንዴት ሆነ?" የሚለውን ነው።

ለሐቁ ሲባል ግን በዕፅዋት ዘንድ ምልክት ጨርሶ አይተላለፍም ማለትም ትክክል አይደለም። ካርል ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1744 የአበባው ቅርጽ ፈጽሞ የተለወጠ አንድ ተክል ገልጾ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች ለውጡ የመጣው ከፊደል ሳይሆን አንድ ጂን በሜቲል ተሸፍኖ ዝም በማለቱ እንደሆነ አረጋገጡ። ይህ ምልክት ወደ ቀጣይ ትውልድ ይተላለፋል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ምልክቱ ሲለቅ አበባው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ በምልክት ላይ ብቻ የቆመ ባሕርይ እንደ ፊደሉ አይታመንም።

3. በገበሬ እጅ የተጠበቀ ፊደል

የአገራችን ገበሬ በሺህ ዓመታት ሲጠብቀው የኖረው ሀብት በዋናነት የፊደል ልዩነት ነው። ጥቂት ማስረጃዎች ይጠቀሳሉ።

ገብስ። በክሽክሽ የሚተላለፍ፣ ገብስን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን የሚያስቢጭ ቫይረስ አለ። ይህን በሽታ የሚቋቋም ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ጂኑ በካሊፎርኒያ ለሚመረቱ የገብስ ዝርያዎች መከላከያ ሆኗል። እዚያ ያለው አምራች የትኛው የኢትዮጵያ ገበሬ ያንን ዘር እንዳቆየለት አያውቅም።

ማሽላ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 9,000 የሚጠጉ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ የተገኘባቸውን ሁለት ዓይነቶች ለዩ። ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ግን ከላቦራቶሪው ቀድሞ ለእነዚህ ማሽላዎች "ወተት በጉንጬ" እና "ማርጩቄ" የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ምርታቸውም አነስተኛ ስለሆነ ማሳውን ሁሉ አልሰጣቸውም። ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ እየዘራ በእሸትነታቸው ጠብሶ ይበላቸዋል። አነስተኛ ምርት ያለውን ዘር ከነጥቅሙ አውቆ በጥቂት ቦታ ማቆየት ይሉታል ይህ ነው።

ቡና። የቡና ፍሬ በሽታ፣ በብዙዎች አጠራር ሲ.ቢ.ዲ.፣ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በሽታው ፍሬውን ሲያጠቁር አንዳንድ ዛፎች ግን ሳይነኩ ቆሙ። ተመራማሪዎች እነዚያን ዛፎች በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ መረጡ። ዛሬ ቡና አምራች አባላት በቁጥር የሚጠሯቸው 74110 እና 74112 እናት ዛፎቻቸው የተመረጡት ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው። በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። በጫካው ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሚመረጥ ዛፍ ባልተገኘ ነበር።

በአንጻሩ በሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። እዚያ የነበረው የቡና እርሻ ከጥቂት እናት ተክሎች የመጣ፣ እርስ በርሱ በጣም የሚመሳሰል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ታየበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት እርሻው ጠፍቶ ቦታውን ሻይ ወረሰው።

4. አንድ ዝርያ በሁሉ ማሳ

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን የስንዴ ማሳዎች ላይ ተነሣ። በስፋት ተዘርተው የነበሩት ኩብሳና ገላማ የተባሉት ዝርያዎች ክፉኛ ተጎዱ። መፍትሔ ተብሎ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ በብዛት ተሠራጨ። ገበሬውም ወደደው። በ2013 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ግን ዲገሉን መጣል የሚችል አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሥቶ የብዙ አባወራዎችን ማሳ አወደመ።

እዚህ ላይ ማንንም መውቀስ አያስፈልግም። ዲገሉ በጊዜው ጥሩ ዝርያ ነበር። ችግሩ የዝርያው መጥፎነት ሳይሆን በሁሉም ማሳ ላይ መገኘቱ ነው። ዋግ የሚራባው በሚሊዮኖች ነው፤ በእርሱም ዘንድ የፊደል ለውጥ አለ። በሺዎች ሄክታር ላይ አንድ ዓይነት በር ካገኘ ለዚያ በር የሚሆን ቁልፍ የያዘ አንድ ዋግ መምጣቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። በሮቹ የተለያዩ ሲሆኑ ግን አንዱን የከፈተ ቁልፍ በሚቀጥለው ላይ ይቆማል።

ምርጥ ዘር ይቅር የሚል ሐሳብ ግን ከዚህ አይወጣም። ማዳበሪያና በቂ ዝናብ ባለበት ማሳ ምርጥ ዘር ከነባሩ ዘር የበለጠ ምርት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤተሰብ የሚበላውም፣ ዩኒየኑ ለገበያ የሚያቀርበውም ከዚያ ነው። ነባሩ ዘር ደግሞ በክፉ ዓመት ባዶ እጅ አያስቀርም፤ ለነገው ምርጥ ዘርም መነሻ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጥያቄው በምን ያህል ቦታና በማን ኃላፊነት የሚለው ነው።

5. ልዩነት በሰው ዘንድ

ስለ ሰብል የተነገረው ሁሉ በሰው ላይም ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መሠረቱ አንድ ነው። ሰውም ፊደል አለው፤ ምልክት አለው፤ የሚኖርበት ቦታ አለው።

የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደም ለዚህ ሲል ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል። የቲቤት ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል ሳይጨምር በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚኖሩ 236 ሰዎች ያገኙት ውጤት ከሁለቱም የተለየ ነበር። በዴሲሊትር ደም ውስጥ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። አንዱን ችግር ሦስት ሕዝቦች በሦስት መንገድ ተቋቁመውታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በደጋና በቆላ የሚኖሩ አማሮችንና ኦሮሞዎችን መረመረ። በአማራዎቹ ዘንድ ከሄሞግሎቢን መጠን ጋር የተያያዘ አንድ የፊደል ልዩነት ተገኘ። በቲቤት ሰዎች ዘንድ የታወቁት የፊደል ልዩነቶች ግን በኢትዮጵያውያኑ ላይ ተመሳሳይ ሚና አልነበራቸውም። በኦሮሞዎቹ ዘንድ በደጋና በቆላ ነዋሪዎች መካከል በሜቲል ምልክቶች ላይ ልዩነት ታየ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ብለውታል። ምልክቱ ከወላጅ ይውረድ ወይም እያንዳንዱ ሰው በደጋ ሲያድግ ይምጣ ይህ ጥናት አይለይም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ጥናት ሲነገር "እነ እገሌ በደማቸው ይለያሉ" ወደሚል ወሬ ሊዞር ይችላል። ሳይንሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ማናቸውም ሁለት ሰዎች ቢወዳደሩ በፊደላቸው የሚለያዩት ከ1,000 ፊደል በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ነው። በሌላ አነጋገር አንድ መንደር ውስጥ ያለው ልዩነት በሁለት ሕዝቦች አማካይ መካከል ካለው እጅግ ይበልጣል። የስንዴ ዝርያን ለይቶ ከረጢት ላይ ስም መጻፍ ይቻላል፤ ሰው ግን በምርጫ ተለይቶ የተራባ ዝርያ አይደለም።

ለወረዳ ኃላፊዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ጥናት ነው። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ከባድ ረሃብ ሆኖ ነበር። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በረሃቡ ወቅት የተፀነሱ ሰዎችን ከረሃቡ ውጪ ከተወለዱ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር አወዳደረ። በረሃቡ የተፀነሱት ከዕድገት ጋር በተያያዘ አንድ ጂን ላይ የሜቲል ምልክታቸው ቀንሶ ተገኘ። የወንድምና የእኅት ልዩነት እንደመሆኑ ከዘር ይልቅ የእናት ርሃብ ትቶት ያለፈ አሻራ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ለነፍሰ ጡር እናት በጊዜ የደረሰ እህል የአንድ ወቅት ርዳታ ብቻ አይደለም፤ ለተወለደው ልጅ የዕድሜ ልክ ስንቅ ነው።

6. ከዚህ ምን ይወሰዳል?

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ሥራ ሲለወጥ የሚከተሉትን ነጥቦች ያስከትላል።

አንደኛ፣ የዘር አመራረጥ። እንደ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ያሉ ሰብሎች በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ከጥሩ ተክል የተወሰደ ዘር እናቱን ይመስላል። ምርጫው ግን ሰብሉ ቆሞ ሳለ፣ ከማሳው መሐል፣ አፈሩ እኩል ከሆነበት ቦታ ይሁን። ከበረት ጥግና ከቦይ ዳር የበቀለው ዓይን ያታልላል። ማሽላም በአብዛኛው ከዚሁ ወገን ቢሆንም ከጎረቤት ማሳ ብናኝ ስለሚቀበል ለዘር የሚሆነው ከዳር ባይወሰድ ይሻላል። በቆሎ ግን ሌላ ነው። እንደ ቢ.ኤች. 660 ያለ ዲቃላ በቆሎ ዘሩ ተመልሶ ሲዘራ ፊደሉ ስለሚበወዝ ምርቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ዘርንና ዝርያን መለየት። በድርቅ የቀጨጨ፣ በነቀዝ የተበላ ወይም እርጥበት ባለው መጋዘን የቆየ ዘር ደካማ ቡቃያ ያወጣል። ይህ የዝርያው ጥፋት አይደለም። ስለዚህ አንድ ዝርያ "አይሆንም" ተብሎ ከመተዉ በፊት ጤናማ ዘሩ ቢያንስ በሁለት የምርት ዘመን ይሞከር። የዩኒየኑ መጋዘን ዘርን ከምግብ እህል ለይቶ፣ ከረጢቱን ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጡ ራሱ የዘር ማሻሻል ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የሙከራ መደብ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ነባርና ምርጥ ዝርያዎችን ጎን ለጎን የሚዘራበት ትንሽ መሬት ቢኖረው፣ ፊደሉ ያመጣው ልዩነትና ማሳው ያመጣው ልዩነት በዓይን ይለያል። ገበሬው ለዚህ ዳኝነት ብቁ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት በሁለት የአገራችን አካባቢዎች በእያንዳንዳቸው 30 ገበሬዎች 400 የስንዴ ዓይነቶችን በየማሳው እየተዘዋወሩ ነጥብ ሰጥተዋል፤ በጠቅላላው 192,000 ነጥብ። ምርጫቸው እንደየአካባቢውና እንደየጾታው ይለያይ ነበር። በሙከራ መደቡ ላይ ወንዶች ብቻ ቆመው ከፈረዱ ፍርዱ ጎደሎ ነው ማለት ነው።

አራተኛ፣ የማኅበረሰብ የዘር ባንክ። በአዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ ሲሆን በአሁኑ ስሙ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። በብርድ ክፍል የተቀመጠ ዘር ግን ከአዲስ በሽታና ከተለወጠ ዝናብ ጋር አይተዋወቅም። በየዓመቱ የሚዘራው ነው አብሮ የሚለወጠው። እነ ዶክተር መላኩ ወረደ ከገበሬው ጋር የጀመሩት የነባር ዘር ጥበቃ ሥራ፣ በምሥራቅ ሸዋ እንደ ኤጀሬ ባሉ ቦታዎች የገበሬ ዘር ባንክ አስገኝቷል። አባል ዘር ይበደራል፤ በመኸር ከነወለዱ በዘር ይመልሳል። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ ቁጠባና ብድር ነው፣ ገንዘቡ እህል መሆኑ ብቻ ይለያል።

አምስተኛ፣ መብትን ማወቅ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጤፍ ስምምነት ለአገራችን የተጠበቀውን ጥቅም አላስገኘም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። የጤፍ ዱቄትን የሚመለከተው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በሆላንድ ፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን መብት በጄኔቲክ ሀብትና በዕውቀቱ ላይ ደንግጓል። ከማሳ ላይ ናሙና ልውሰድ የሚል እንግዳ ሲመጣ የማኅበሩ ሊቀ መንበርና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን መጠየቅና ስሙን፣ ቀኑን፣ የዘሩን ዓይነት መዝግበው መያዝ ይኖርባቸዋል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ዩኒየኑ በመጪው ጠቅላላ ጉባዔ ስለ ቀጣዩ ዓመት የዘር ግዥ ይወያያል። በአጀንዳው ላይ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ስንት ኩንታልና በስንት ብር የሚለው ነው። ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ይኸውም ስንት ዓይነት የሚለው ነው። ሁሉም አባል አንድ ዝርያ ቢዘራ ግዥው ይቀላል፤ ገበያውም አንድ ዓይነት እህል ይወዳል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። አዲስ ዋግ በመጣ ዓመት ግን ያ ጥቅም ከዕዳው ጋር ይወዳደራል። የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነው አባሉ ነው። ሲወስን ግን ሁለቱንም አይቶ ይሁን።

በየቤቱ ደግሞ ማንም የማያዛቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። እናት በማሰሮ ያኖረችው የጥቁር ገብስ ዘር፣ አያት በጣሪያ ሥር የሰቀሉት ማሽላ፣ ከአጥር ጥግ ብቻውን የቀረው የቡና ዛፍ። ስማቸውን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ሳለ ዘሩ ይመዝገብ። በዚህ በዓል ሰሞን ወጣት አባላት ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ቢዞሩ ለዩኒየኑ ለመጪዎቹ ዓመታት የሚሆን ስጦታ ሰጡ ማለት ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ። ዘመኑ የጥጋብና የሰላም ይሁን።